ስንት ተከልን ሳይሆን ስንት ጸደቀ

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ እናቶቼ፣ ችግኝ ተሸክማችሁ ዳገቱን የወጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አደራችሁ!

ቁልቁል የሚታየው የአንገረብ ግድብ ነው፤ እኛ ጎንደሮች የምንጠጣው ውኃ። ክረምት ሲገባ የሚደፈርሰው በላያችን ያለ አፈር ሲወርድበት ነው። ዛፍ ባለበት ተዳፋት ጠብታውን ቅጠል ይቀበለዋል፣ ርጋፊው ያዘገየዋል፣ ሥሩ በከፈተው መንገድም ወደ መሬት ይሰርጋል። በተራቆተው ላይ ግን ጠብታው አፈሩን ያደቀዋል፤ የደቀቀው ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ውኃው መግቢያ ሲያጣ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። በነሐሴ ጎርፍ፣ በሚያዝያ የደረቀ ምንጭ የምናየው ለዚህ ነው። ደለሉ የግድቡን ቦታ ይሻማል፤ ያለፈው በመገጭ ወንዝ በኩል ጣና ይገባል።

ይህን ታውቁታላችሁ። እኔን ያመጣኝ ቆጠራችን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ይሁን፤ አጨበጨብን። በሚቀጥለው ሰኔ ግን ስንቱ ጸደቀ ብሎ በየተራራው የዞረ ማን ነው? የሞተ ችግኝ ሪፖርት ላይ አይሞትም! በየዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ ተክለን በየዓመቱ እንደ አዲስ እንቆጥረዋለን።

ለምን ይሞታል? ጉድጓዱ በተከላው ቀን በዶማ ጫፍ ይጫራል። አርባ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ አርባ ስፋት ሆኖ በግንቦት ተቆፍሮ መክረም ነበረበት። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጣል፤ ሲመለስ ጥቁሩ ከሥሩ ዙሪያ ይገባል። ሁለተኛው ችግኙ ያደገበት ላስቲክ ነው። ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ክረምቱን ለምልሞ ሰው ያታልላል፤ ሥሩ ውስጡ ተጠምዝዞ በጥር ይደርቃል። ላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይቀደዳል፤ ከታች የተጠቀለለው ሥር ይቆረጣል፤ አንገቱ ከመሬት እኩል ሆኖ አፈሩ በእግር ይጠቀጠቃል። በቁልቁለቱ በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ትንሽ ክትር ይሠራለታል። በመስከረም አንድ ሜትር ዙሪያው ይታረማል፤ ደረቅ ሣር ይለብሳል፤ ሣሩ ግንዱን እንዳይነካ።

ሦስተኛው ከብት ነው፤ እዚህ ላይ አንሸፋፈን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ጥድ የቆመው በዘመቻ ነው? ቅጥር አለው፤ ከብት አይገባበትም፤ መጥረቢያ አይነሣበትም። በቃ። ልቅ ግጦሽ ባለበት ተራራ ችግኝ መትከል ለፍየል ቁርስ ማቅረብ ነው! ይህ ዳገት ይከለል፤ ሣሩ በማጭድ እየታጨደ በተራ ለባለከብቱ ይሰጠው። ከተከለለ ክትክታውና አጋሙ ራሱ ያቆጠቁጣል፤ ወይራም በጥላቸው ይበቅላል።

ስለ ባሕር ዛፍ ትጠይቁኛላችሁ። ከምንጭና ከወንዝ ዳር ይራቅ እንጂ የሚረግመው ሰው መጀመሪያ ምጣዱን በምን እንደሚያሰማ ይንገረን። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም አለ፤ እናቶች ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንሂድ። ምላጭ ያልያዘ ከአስተባባሪዎቹ ይውሰድ። የተቀደደው ላስቲክ ጆንያ ውስጥ ይግባ፤ ማታ ላስቲኩን እንቆጥራለን፤ ከችግኙ ቁጥር ካነሰ የጎደለው ከመሬት በታች ነው፤ ተመልሰን እናወጣዋለን።