ሐረጎ ላይ የፈላ ሞተር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

(ምስል፦ የኮምቦልቻ–ደሴ ዳገት። ኮፈኗ የተከፈተ መኪና፣ እንፋሎት።)

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚች አጭር መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በዚሁ መንገድ ሐረጎ ዳገት ላይ ኮፈን ከፍቶ የቆመ መኪና ያላየ የደሴ ሰው አለ? እኔም እዚያው ቆሜያለሁ። የሙቀት ጌጁ ቀዩን ሲነካ "ትንሽ ነው የቀረኝ" ብዬ ነዳሁ። ያቺ "ትንሽ" ናት ጉድ የሠራችኝ።

ጋራዥ ደረስን። መካኒኩ ለካና "ሞተሩ አብቅቶለታል፣ ቀይረው" አለኝ። አብሽሩ፣ መኪናዋ ዛሬም በዚያው ሞተር ትሄዳለች።

(ምስል፦ የዘይት ክዳን፣ በቅርበት።)

መጀመሪያ የዘይት ክዳኑን ክፈቱ። ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለ ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በደሴ ብርድ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪናም ክዳኗ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ትይዛለች። ስለዚህ የዘይት መለኪያውንም መዝዛችሁ እዩ። እሱም ማኪያቶ ከሆነ ሞተሩን አታስነሱ፤ ብሮንዚናው (የሚዞረው ብረት የሚያርፍበት ስስ ኩሽኔታ) ይበላል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ አየር ሲታመቅ የሚፈጠረው ግፊት። ካንዴላዎቹ ይወልቁና ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ እየዞረ ይለካል። የኔ ሁለቱ ሲሊንደሮች 9 ባር አሳዩ፤ ጎን ለጎን ያሉት ሌሎቹ ሁለቱ 5። ማኑዋሉ 12 ይላል። "አየህ፣ አንዱም አይሞላም!" ተባልኩ።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የማኑዋሉ ቁጥር ባብዛኛው ለባሕር ወለል አየር የተጻፈ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ እዚህ 9 ማለት ጤነኛ ነው። ሲሊንደሮቹን ከማኑዋሉ ጋር ሳይሆን እርስ በርስ አነጻጽሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን (ቴስታታና ብሎክ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሳይነድ አይቀርም። አንዱ ብቻ ከወደቀ ሲሊንደሩ ውስጥ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ልኬቱን ድገሙት፤ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው፣ ካላለ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን።

(ምስል፦ የወረደ ቴስታታ፣ ላዩ ላይ የተጋደመ የብረት ማስመሪያ።)

የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ሲግል ይጣመማል። የብዙ ሞተሮች ወሰን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንድ ወረቀት አይበልጥም! ካለፈና ካልተሰነጠቀ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል፣ ጓርኒሲዮን ይቀየራል። የኔ እዚሁ አለቀ። መነሻው ምን ይመስላችኋል? ጎማው ያለቀ የራዲያተር ክዳን። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ የያዘው ግፊት ነው። ክዳኑን ሳትቀይሩ ሞተር ብትቀይሩ አዲሱንም ታፈሉታላችሁ።

ታዲያ መቼ ይቀየር? ብሎኩ ከተሰነጠቀ፣ ቢዬላ (የፒስተኑ ክንድ) ብሎኩን በስቶ ከወጣ፣ ኮለዶካው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ከሚላግበት ልክ ካለፈ። ያኔ አትከራከሩ።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርዳችሁ ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ከሆነ ግን ሊብሬያችሁ ላይ የሞተር ቁጥር እንዳለ አትርሱ። ሻጩን ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ወረቀቱን) ጠይቁ። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ብሎኩን በጨርቅ ጠርጋችሁ የታተመውን ቁጥር አንብቡ። ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ ጥላችሁ ውጡ።