ጀጎል ውስጥ መጥፋት፣ ጌም ውስጥ መጥፋት

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የቻናላችን ቤተሰቦች። የዛሬው ጉዳያችን መጥፋት ነው። ጌም ስንጫወት መንገዱ ጠፍቶብን አንዱን በር ሦስት ጊዜ የምንዞርበት ሰዓት የሠሪዎቹ ስሕተት ነው ወይስ ጥበባቸው? እኔ ጥበባቸው ነው እላለሁ፤ ምስክሬም የሐረር ጀጎል ነው።

የድሬ ልጅ ሆኜ ሐረርን ማወደሴ ከሰፈሬ ልጆች ጋር እንደሚያጣላኝ አውቃለሁ፤ ይሁንና እውነቱ ይነገር። የድሬዳዋው ከዚራ ከባቡሩ ጋር የመጣና በማስመሪያ የተሠመረ ሰፈር በመሆኑ፣ አንዱ ጥግ የቆመ ሰው በዛፎቹ ጥላ ሥር አሻግሮ የሚሄድበትን ያያል። ለእግር ያመቻል፣ ለልብ ግን ምንም አያስቀርለትም። ጀጎል ሌላ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር እንደተሠራ የሚነገርለት ግንብ የከበበው ቦታ 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በዚያች ትንሽ ስፍራ ከ300 የሚበልጡ ጠባብ መተላለፊያዎች ተጠላልፈዋል።

ብቻዬን የገባሁ ዕለት በሸዋ በር አልፌ፣ ሦስት ጊዜ ከታጠፍኩ በኋላ ግራና ቀኜ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ብቻ ሆነ። መጠየቅ አፈርኩ። ዝም ብዬ ስሄድ ከሩቅ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ። ስሙን ከዚያው ድምፅ ያገኘው መኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎቹ በተርታ የሚቀመጡበት መንገድ መሆኑ ነው፤ ድምፁን ተከትዬ መሃል አደባባዩ ፈረስ መጋላ ወጣሁ። ድምፁን ባልሰማ ኖሮ እንኳ ጠፍቼ አልቀርም ነበር፤ አብዝቼ ብሄድ ግንቡ ያቆመኛል፣ ግንቡን ተከትዬ ብጓዝ ደግሞ ከአምስቱ ነባር በሮች አንዱ ጋ ያደርሰኛል። ጀጎል ውስጥ መንገድ ይጠፋል እንጂ ሰው አይጠፋም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። (ስለ ሐረር አውርቶ ጅብ ያላነሣ ቪዲዮ ስለሌለ፣ እነሆ እኔም አነሣሁ።)

አሁን ወደ ዳርክ ሶልስ እንምጣ። ጌም ሠሪው ፍሮምሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ይህ ጌም ካርታ የለውም፤ ተጫዋቹ ከሚያርፍበትና ሲሞት ከሚነሣበት አንዱ የእሳት ማረፊያ ወደ ሌላው በቅጽበት መሻገርም እስከ ጌሙ አጋማሽ ድረስ አይፈቅድም። ተጫዋቹ ፋየርሊንክ ከተባለው ስፍራ ተነሥቶ፣ እየሞተና እየተነሣ፣ በፈራረሰው ከተማ በኩል ሽቅብ ወጥቶ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። እዚያ ሊፍት አለ። ይሳፈራል፣ ሊፍቱ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ ሲቆም ተጫዋቹ ራሱን ፋየርሊንክ ያገኘዋል። «እንዴ፣ እዚህ ነበርኩ እኮ!» ያላለ ተጫዋች አላጋጠመኝም። ለእኔ ይህ ቅጽበት ያንን ድምፅ ተከትሎ ፈረስ መጋላ መውጣት ነው።

ሙያዊውን ክፍል አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት ባጭሩ ልለፈው፤ እንደ ጀጎል ግንብ ቦታውን የሚገድብ ድንበር፣ እንደ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ከሩቅ የሚታይ ወይም የሚሰማ ምልክት፣ እንደ ሊፍቱ ወደ መነሻው የሚመልስ አቋራጭ ካሉ፣ ተጫዋቹ ቢጠፋም ተስፋ አይቆርጥም። ማያ ገጹ ላይ ቀስት ለጥፎ «በዚህ ሂድ» የሚል ጌም ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ተጫዋቹን ሰው ሳይሆን ጭነት ያደርገዋል።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ግን ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት አስተያየት ጽፋችኋል፤ «ዳርክ ሶልስ ታሪክ የለውም፣ ታሪክ ማለት በመሃል የሚመጣው ፊልም ነው» ብላችኋል። ልለፈው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። በግማሽ ሰዓት ሒሳብ በሚከፈልበት ፕሌይስቴሽን ቤት ያደግን ልጆች፣ ያ ፊልም ሲጀምር ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት «እለፈው! እለፈው!» ብለው ሲጮሁ እንዴት እንደነበር እናስታውስ። ታሪክ ፊልሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱንም ጌም አናውቀውም ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሃፍ ላይፍ ካሜራውን ከተጫዋቹ ዓይን አይነጥቅም፤ መጀመሪያ በባቡር አሳፍሮ ግዙፉን የምርምር ጣቢያ ያሳልፈዋል፣ ወዴት እንደሚመለከትም ለእሱ ይተውለታል፤ ተጫዋቹ ከባቡሩ ሲወርድ የት እንደሚሠራ በዓይኑ አይቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጀርኒ አንድ ቃል ንግግር የለውም፤ ከአሸዋው ባሻገር ከመጀመሪያው የሚታይ አንድ ተራራ አለ፣ እሱም ታሪኩም መድረሻውም ነው። ዳርክ ሶልስ ደግሞ ታሪኩን በዕቃዎቹ መግለጫና በሬሳዎቹ አወዳደቅ ላይ በትኖታል፤ አንድ ቀለበት አንሥቶ መግለጫውን ያላነበበ ሰው ታሪክ የለም ቢል አይገርመኝም። ፊልም የሚበዛበት ጌም መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጥሩ የሠሩት አሉ። ያ የሚነገረን ታሪክ ነው፣ ይህ ግን ጠፍተን የምናገኘው ነው።

በግማሽ ሰዓት እየከፈሉ መጥፋት ገንዘብ ማቃጠል መሆኑን አልክድም፤ ስለዚህ ቤቱ ጌም ያለው ይሞክርልኝ። ቀስቱን ከማስተካከያው አጥፉና አንድ ሰዓት ተጫወቱ፤ የት እንደጠፋችሁ፣ ምን ሰምታችሁ ወይም አይታችሁ እንደወጣችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የሚቀጥለው ቪዲዮ በጌም ውስጥ መንገድ ስለሚመሩ ድምፆች ስለሆነ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ለቀረጻው መኪና ግርግር እመለሳለሁ።