መምሰልም መለየትም፦ በዶት ዋን ኤል ላይ የተደረገ ውይይት

አቅራቢዋ፦ የዛሬው ርዕሳችን ሜታይልትራንስፌሬዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ናቸው። ሜታይል የተባለችውን ትንሽ የካርቦንና የሃይድሮጂን ቡድን በዲኤንኤ፣ በአርኤንኤ ወይም በፕሮቲን ላይ ያሳርፋሉ። በሰው አካል ውስጥ ከ200 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ አብዛኞቹም ሜታይሉን የሚወስዱት ሳም ከተባለው ረዳት ሞለኪውል ነው።

አቅራቢው፦ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። አብዛኞቹ ከአንድ መሶብ ስለሚቆርሱ፣ ሳምን የሚመስል ሞለኪውል ወደ ሴል ሲገባ ለበሽታው ምክንያት የሆነውንም ያልሆነውንም ኢንዛይም አብሮ ሊያግድ ይችላል። ከስትሬፕቶማይሲስ ባክቴሪያ የተገኘው ሲኔፈንጂን እንዲህ ያለ ነው፤ ለላቦራቶሪ ሥራ ቢጠቅምም ብዙዎቹን ሳይለይ ያግዳል።

አቅራቢዋ፦ ታዲያ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዱ የሆነውን ዶት ዋን ኤልን ለይቶ የሚያግድ ሞለኪውል እንዴት ሠሩ?

አቅራቢው፦ ዶት ዋን ኤል ዲኤንኤ ከሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች አንዱ በሆነው በሂስቶን ኤች 3 ላይ፣ በ79ኛው ቦታ በሚገኘው ላይሲን በተባለ አሚኖ አሲድ ላይ ሜታይል የሚያሳርፍ ኢንዛይም ነው፤ የኤምኤልኤል ጂን ተሰብሮ ከሌላ ጂን ጋር ሲጣበቅ የሚነሳው የደም ካንሰርም በእርሱ ላይ ጥገኛ ነው። ኤፒዛይም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው፣ ኢፒዜድ 004777 የተባለው አጋች ሞለኪውል የሳምን አዴኖሲን መሰል ክፍል እንደያዘ ነው። ሜታይሉን ተሸክሞ የነበረውን ሰልፈር ግን በናይትሮጂን ተክተውታል፤ በሳም አሚኖ አሲድ ጫፍ ፋንታም ዩሪያ የተባለ የአቶሞች ቡድንና፣ ቴርት-ቡታይል የተባለ የካርቦን ቅርንጫፍ ያለው ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት (የቤንዚን ቀለበት) ቀጥለውበታል። ይህ ግዙፍ ጫፍ ሲገባ የኢንዛይሙ ቅርጽ ይለወጥና ሳም ፈጽሞ የማይነካው አዲስ ስርጉድ ይከፈታል።

አቅራቢዋ፦ ስለዚህ መመሳሰሉ የሚያስገባው ሲሆን፣ የሚያስመርጠው ግን ከሳም የተለየው ጫፍ ነው ማለት ነው።

አቅራቢው፦ ልክ ነሽ። የኢፒዜድ 004777 ተከታይ የሆነው ፒኖሜቶስታት ዶት ዋን ኤልን ከተፈተኑት ሌሎች ሜታይልትራንስፌሬዞች ከ37,000 ጊዜ በላይ አብልጦ የሚያግድ ሆኖ ተገኝቷል።

አቅራቢዋ፦ በሕሙማን ላይስ?

አቅራቢው፦ እዚህ ላይ ነው ቅር የሚያሰኘው። መድኃኒቱ በደም ሥር ያለማቋረጥ መንጠብጠብ ነበረበት፤ በመጀመሪያው ደረጃ የአዋቂዎች ሙከራም የካንሰሩ ምልክት ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ሁለት ሕሙማን ብቻ ነበሩ። በእኔ ግምት ኑክሊዮሳይድ መሰል (ማለትም አዴኖሲን መሰል) አካሉ ሸክም ሆኖበታል። ኢዜድኤች 2 የተባለውን ሌላ ሜታይልትራንስፌሬዝ ለማገድ የተሠራው ታዜሜቶስታት ከሳም ጋር ለቦታው ቢሻማም መልኩ ሳምን እምብዛም አይመስልም፤ በአፍ የሚወሰድ ሲሆን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ኤፒተሊዮይድ ሳርኮማ ለተባለ የካንሰር ዓይነት ፈቅዶታል።