ያለ ጠበቃ ችሎት ስንቆም

[ምስል፦ ማለዳ፣ ጣና። ከዘጌ የመጣች ጀልባ ወደ ባሕር ዳር ትጠጋለች።]

አንዲት የዘጌ እናት እንበል። ቡና ለቅመው፣ አድርቀው ያጠራቀሙትን 40 ሺህ ብር ለዘመድ ልጅ አበደሩ፤ የጀልባ ሞተር ሊገዛበት። ሞተሩ ተገዛ። ብሩ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ሁለት ዓመት ሞላው። ሽማግሌ ተላከ፣ አልሆነም። ለጠበቃ የሚከፍሉት ስለሌላቸው ራሳቸው ሊከሱ ቆረጡ።

ይችላሉ። ግን የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጠበቃ ላለውም ለሌለውም አንድ ነው።

[ምስል፦ ከፌስታል የወጣ የታጠፈ ወረቀት፤ ከግርጌው ፊርማዎች።]

ብዙ ሰው «ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል» ብሎ ይመጣል። እዚህ ላይ ጎረቤት አያድንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፤ አለዚያም ተበዳሪው ችሎት ፊት ሲያምን ወይም በመሐላ። 500 ብር! ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ቤተሰቡን ጣና ዳር ዓሣ ልጋብዝ ያለ ሰው እንኳ አይበቃውም። ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው። ደግነቱ እኚህ እናት ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት የብድር ውል አላቸው።

የክስ ማመልከቻው ላይ ምሬት አይጻፍ። ማን፣ መቼ፣ ስንት ብር ተበደረ፣ መቼ ሊመልስ ነበር፤ ከዚያ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልዎት የሚፈልጉት። ወለድ ካልጠየቁ ዳኛው ከኪሳቸው አውጥተው አይጨምሩልዎትም። ከግርጌ «ክሱ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ተብሎ ይፈረማል። ማመልከቻ ጸሐፊው ይህችን አይረሳም፤ እርስዎ ግን ሳይፈርሙ በፊት ሙሉውን ያስነብቡት።

የማስረጃ ዝርዝሩና የውሉ ኮፒ ከክሱ ጋር አብረው ይገባሉ፤ ዋናው ውል ለማመሳከሪያ በእጅ ይያዝ። «በኋላ አመጣዋለሁ» ያሉት ወረቀት በቂ ምክንያት ካልቀረበለት ተቀባይ ላያገኝ ይችላል።

ተከሳሽ ከሆኑም፣ «ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም» ወይም «ክሱ በይርጋ ታግዷል» (የመክሰሻ ጊዜው አልፏል) የሚል መቃወሚያ ካለዎት ገና ከመልስዎ ጋር ያንሱት።

[ምስል፦ የቀጠሮ ወረቀት። ከበስተጀርባ የጀልባ ሞተር ድምፅ።]

እኔን የሚያሳስበኝ ቀጠሮው ነው። መዝገቡ ሲጠራ ሁለቱም ከሌሉ ይዘጋል፤ እንደገና መክሰስ ይቻላል። ተከሳሽ መጥቶ ከሳሽ ከቀረ ግን ነገሩ ይከብዳል፦ ተከሳሹ ካላመነ በቀር በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 73 ክሱ ውድቅ ይሆናል፤ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ መክፈትም አይቻልም። የቀረዉ በር አንድ ነው፦ በአንድ ወር ውስጥ የቀሩበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ ውሳኔው እንዲነሳ ማመልከት። «ጀልባው ዘገየ» ይበቃል? ዳኛው ናቸው የሚመዝኑት።

እኚያ እናት ይህን አልሞከሩትም። ከዋዜማው ተሻግረው ከተማ እህታቸው ቤት አደሩ። ጠዋት ከችሎቱ በር አጠገብ፣ ውሉን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ስማቸው ሲጠራ ተነሱ።

«አለሁ።»