ቡፌውን ሸጬ ኩሽናዬን አደስኩ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህ የምትሰሙት ድምፅ የላይኛዋ ጎረቤቴ ቡና እየወቀጠች ነው። እስክትጨርስ ልጠብቅ ብል ጠርታኝ ልወጣ ስለምችል እንዲሁ እንቀጥል።

ሰሞኑን ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ሳሎን ገብቶ ከመቀመጡ በፊት ግድግዳውን አይቶ «ቡፌውስ?» ይላል። ሸጥኩት። ለሠርጋችን ከቤተሰብ የተሰጠን፣ ባለ መስታወት በር፣ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የያዘ ቡፌ ነበር። በ30,000 ብር ሸጬ ገንዘቡን በሙሉ ኩሽናው ላይ አዋልኩት። እናቴ በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «የሰው ዓይን የሚያርፍበትን ሸጠሽ ጭስ ቤት ታሳምሪያለሽ?» አለችኝ።

እንዲህ የምታስበው እርሷ ብቻ አይደለችም። በእኛ አገር ቤት ገንዘብ የሚገባው በዋናው በር ነው፤ ሳሎን ሲደርስ ያልቃል። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ባለ ሁለት ድርብ መጋረጃው፣ ለፋሲካ ብቻ የሚወርደው ብርጭቆ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ኩሽና የቤቱ የእንጀራ ልጅ ነው፤ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው። ፀሐይ ያነጣው የሳሎን መጋረጃ ተቀዶ ለኩሽናው መስኮት ይሆናል፤ እግሩ የተነቃነቀ ወንበር ወደዚያ ይላካል፤ ከመታጠቢያ ቤት የተረፈው ሴራሚክ እዚያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እንግዳ ሊገባ ሲልም በሩ ይዘጋል። ልብ በሉ፣ በቀን ውስጥ ብዙ ሰዓት ቆመን የምንውለው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ሶፋው ላይ የምቀመጠው ማታ ነው፤ ያውም ዜና ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የምኖረው በኮንዶሚኒየም ቤት ነው። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ ሲጀመሩ ዕቅዱ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ሕንፃም ነበረው። እንጀራው ውጭ ይጋገራል ተብሎ ስለታሰበ ነው መሰለኝ የቤቶቹ ኩሽና ጠባብ ነው። እኛ ሰፈር ያ የጋራ ቤት ከዕቃ ማከማቻነት አላለፈም፤ ምጣዱ ወደየቤቱ ገባ፣ ኩሽናው ግን አልሰፋም። አብዛኛው ማጠናቀቂያ ደግሞ የነዋሪው ድርሻ ስለነበር ባለ ዕጣው ሁሉ ከሳሎን ጀምሮ ሲያሳምር ኩሽናው ጋ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ሆኗል።

የእኔው እንዲህ ነበር። የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ዕቃ ማጠቢያው ጋ የቆመ ሰው ይታጠራል። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ከችፑድ፣ ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ፣ የተሠራው ቁም ሣጥን ቡናማ ቀለም የተቀባ፣ ከሥሩ ውሃ ገብቶበት ያበጠ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ያ የምታውቁት ሴራሚክ አለ፤ የወይን ዘለላና ማሰሮ የተሳለበት። የዚያን ዘመን ኩሽና ሁሉ ለምን ወይን እንደተሳለበት አንድ ቀን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል። እኛ ቤት ወይን ፍሬ የሚገባው የታመመ ሰው ስንጠይቅ ተርፎ ነው።

መጀመሪያ ያስመጣሁት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ሰው የሚታየውን ያስቀድማል፤ እኔ ግን ጠባብ በጀት ያለው ሰው ከማይታየው መጀመር አለበት ባይ ነኝ፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግድግዳ የሚቦረቡር ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላልና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው፤ ተራው ሶኬት የሚችለው ደግሞ 16 ነው። በማራዘሚያ ገመድ ተሰክቶ፣ በዚያው መስመር ማቀዝቀዣውም ተጨምሮ ሲሠራ ሶኬቱ ጠርዙ ቢጠቁር አይገርምም። የእኛው ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ሳስቶ ነበር። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚነሣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ መስመር አዘረጋሁ፣ የራሱ ብሬከርም ተደረገለት። ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ይህ ነው፤ ቤቴ መጥቶ «አቤት ሽቦው ሲያምር!» ያለኝ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

ሠራተኛው ሳይሄድ መብራቱንም አነሣሁበት። የብዙ ቤት ኩሽና አምፖል የኮርኒሱ መሐል ላይ ነው። እናንተ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ስትቆሙ መብራቱ ከጀርባችሁ ይሆናል፤ ሽንኩርት የምትከትፉት በገዛ ጥላችሁ ውስጥ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ሥር፣ ከፊት ለፊት ጠርዙ ላይ አንድ ቀጭን የኤልኢዲ መብራት አስገባሁ። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚነግር፣ ኬልቪን የሚባል ቁጥር አለ፤ እርሱን እዩት። 6,500 የሚለው በየሱቁ «ነጭ» የሚሉት ነው፤ ሰማያዊ ይመታል፣ በእርሱ ሥር የበርበሬ ወጥ የደከመና የገረጣ ይመስላል። 3,000 «ቢጫው» ነው፤ ሳሎን ያምራል፣ ኩሽና ውስጥ ግን እንቅልፍ ያመጣብኛል። እኔ 4,000 የሚለውን ፈልጌ አገኘሁ። ቁሌቱ ቀይ ይሁን ቡናማ፣ መድረሱን ይሁን መጠቆሩን አሁን ድስቱን ወደ መስኮት ሳልወስድ አያለሁ።

ከዚያ እጥበቱ መጣ። የኩሽና ግድግዳ ቀለም የሚላጠው ብዙ ጊዜ ቀለሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቅባት ላይ ተቀብቶ ነው። የዓመታት የቁሌት እንፋሎት፣ የዘይት ብናኝ፣ የበርበሬ አቧራ አንድ ላይ ሆነው እጅ ላይ የሚጣበቅ ሽፋን ይሠራሉ። ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና ይዤ ከታች ወደ ላይ አጠብኩ። ከላይ ከተጀመረ ቆሻሻው ውሃ በደረቁ ግድግዳ ላይ እየወረደ መስመር ይሠራል፣ መስመሩ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ከጋዝ ምድጃው በላይ ያለው ቦታ ላይ ጨርቁ መጀመሪያ ይንሸራተታል፤ ውሃው ይሰበሰብና በጠብታ በጠብታ ይቀራል። ታጥቦ ታጥቦ ውሃው በእኩል ሲዘረጋ ያን ጊዜ ቅባቱ ለቋል ማለት ነው። ያጠብኩበት ባልዲ ውስጥ ያየሁትን ለእናንተ አልነግርም፤ ምሳ የምትበሉ ትኖራላችሁ።

ከደረቀ በኋላ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ወደ ቀለሙ ገባሁ። እዚህ ላይ ክርክር አለ። ፕላስቲክ ቀለም ርካሽ ነው፣ አይሸትም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ሽሮ ተንተክትኮ ከፈነጠቀበት ነጠብጣቡ ውስጡ ይገባል፤ ስታሹት ቀለሙ አብሮ ይነሣል። ዘይት ቀለም በጨርቅ ይጠረጋል። ችግሩ ነጭ ዘይት ቀለም የቀን ብርሃን በማይደርስበት ክፍል ውስጥ እያደር ቢጫ መሆኑ ነው። ቀለም ሻጩ «እህቴ፣ ጠባብ ቤት በነጭ ነው የሚሰፋው» ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ነጩ ነጭ ሆኖ ካልቆየ ምን ዋጋ አለው? ክሬም ወሰድኩ። ቢጫ ቢያክልበት እንኳ የሚያውቅ የለም። ኮርኒሱን ብቻ በፕላስቲክ ነጭ ቀባሁት፤ እርሱ ላይ ሽሮ አይደርስም። እኔ ቤት እስካሁን አልደረሰም።

ቁም ሣጥኑን ለማየት የመጣው አናጺ በዕድሜ የገፋ፣ እርሳሱን ከጆሮው የማያወርድ ሰው ነው። በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ በጣቱ አንኳኳ፣ «ይህ አርጅቷል፤ ሙሉውን በኤምዲኤፍ ልሥራልሽ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ያረጀው የቱ ነው?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማጠቢያው ሥር አየና «ወለሉ» አለ።

«እንግዲያው ወለሉን ይቀይሩልኝ።»

ሳቀ፣ ግን ሠራው። ችፑድ ውሃ ከጠጣ በኋላ ያብጣል እንጂ ተመልሶ አይሟሽሽም፤ ስለዚህ ያ ክፍል መጣሉ የግድ ነበር። የተቀረው ግን ደረቅና ጠንካራ ነበር። አዲሱን ወለል ከኮምፔንሳቶ ቆርጦ አስገባ፣ ጠርዙን በሲሊኮን ዘጋ፣ የቧንቧውንም መጋጠሚያ አጠበቀ፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እያለ አዲስ እንጨት ማስገባት ብር ማጠጣት ነው። ማጠፊያውንና እጀታውን ከመርካቶ ገዝቼ እኔው ገጠምኩ። በሮቹን አሽቼ ከግድግዳው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቀባኋቸው።

በሮቹን ነቅሎ ክፍት መደርደሪያ ማድረግ አሁን የተለመደ ሆኗል። በፎቶግራፍ ያምራል። በየሳምንቱ ቁሌት ለሚቁላላበት ቤት ግን አልመክርም፤ ያ የቅባት ሽፋን ግድግዳውን ትቶ ሰሐኖቻችሁ ላይ ያርፋል።

ወይኑስ? ወይኑ አለ። ሴራሚክ በቀለም መቀባትን አሰብኩበት፤ ውሃ በሚረጭበት ቦታ ይላጣል። ተለጣፊ ወረቀትም አየሁ፤ ከምድጃው አጠገብ ሙቀት ሲያገኘው ጠርዙ ይነሣል። ማስነቀሉ ደግሞ ከበጀቱ በላይ ነው። በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን የጠቆረ መስመር በቀጭን ቢላ ፍቄ አውጥቼ በነጭ ሲሚንቶ ሞላሁት። መስመሩ ሲነጣ የወይን ዘለላው ሆን ብዬ የመረጥኩት ይመስላል። ወጣት እንግዶች እንዲያውም «ከየት ገዛሽው?» ይሉኛል፤ እኔም አላስተባብልም።

ስለ ጠባብ ኩሽና ሳስብ ትዝ የሚለኝ የፍራንክፈርት ኩሽና ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የነደፈችው ነው። ስፋቱ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ገደማ፤ ወደ 10,000 የሚጠጉ ተሠርተዋል። መነሻ ካደረገቻቸው አንዱ የባቡር ምግብ ቤት ኩሽና ነበር። መብራቱ ኮርኒሱ ላይ በሐዲድ ይንሸራተታል፤ ወደምትሠሩበት ትጎትቱታላችሁ። እንጨቱ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቀለም የተቀባው ዝንብ ያንን ቀለም አይወድም ተብሎ ስለታመነ ነው። ሴትዮዋ ያን ኩሽና ስትነድፍ ራሷ ምግብ አብስላ እንደማታውቅ ተናግራለች። ይህንን ሳነብ ብዙ ሳቅሁ። በኋላ ግን አንድ ነገር አየሁ፤ ያ ኩሽና የተለካው ለአንድ ሴት ነው። እርምጃዋ ተቆጥሮ፣ እጇ የሚደርስበት ተለክቶ፣ ብቻዋን ቆማ እንድትሠራ።

እኛ ዘንድ ደግሞ የዘወትሩ ወጥ በአንድ ሰው ይሠራል፤ የበዓሉ ግን በአንድ ሰው አይሠራም። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት የሚልጠው ሌላ፣ ዶሮ የሚያጥበው ሌላ፣ ቁሌቱን የሚያማስለው ሌላ ነው። ኩሽናዬን ምንም ባሳምረው አራት ሴቶች አይይዝም። እዚህ ላይ ነው የቡፌው ቦታ ሌላ ጥቅም ያገኘው። አናጺው ከተረፈው ኮምፔንሳቶ በማጠፊያ ግድግዳው ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ሠራልኝ። ሲታጠፍ የእጅ መዳፍ ያህል ብቻ ይወጣል፤ ሲዘረጋ ሦስት ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል። በገና ዋዜማ እናቴና እህቶቼ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ሽንኩርት ከተፉበት። ሳሎኑ ሸተተ፣ መጋረጃው ሸተተ፣ ሁሉም አለቀሰ። እናቴ ስለ ቡፌው ምንም አላለችም። «ጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ቢል ለወገብ ይመች ነበር» አለች።

የቀረኝ ወለሉ ነው። ሊሾው እዚህም እዚያም ተፈርፍሯል። ያሉኝ አማራጮች ሁለት ናቸው፤ በሜትር የሚሸጠው የፕላስቲክ ምንጣፍ ወይም ሴራሚክ። ምንጣፉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይነጠፋል፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ ግን ትኩስ ድስት ከወደቀበት ይቀልጣል፣ ከሥሩም እርጥበት ይይዛል። ሴራሚኩ ይበልጣል፤ ግን ማቀዝቀዣውንም ቁም ሣጥኑንም ማንሣት ይጠይቃል፣ ኩሽናውም ለቀናት ይዘጋል። የዕቃውን ዋጋ አልነግራችሁም፤ ይህን ዝግጅት እስክትሰሙት ድረስ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። ለጊዜው የተፈረፈረውን በሲሚንቶ አስደፍኜ ለሴራሚኩ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ። ሶፋው ላይ ዓይኔን ጥያለሁ፤ ባለቤቴ ግን ይህን ዝግጅት ስለሚሰማ ለዛሬ እዚህ ላይ ይብቃን። ቸር ሰንብቱ።