«ጎጂ» ያልኩት ማንን ነው?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። ሙዚቃም አላስገባም። እኔ ብቻ ነኝ። ከጀርባ ድምፅ ከሰማችሁ ያው የምታውቁት ዶሮ ነው። አልተሸጠም። አይሸጥምም፣ በየሳምንቱ አትጠይቁኝ።

ስለ ርዕስ ነው ማውራት የፈለግኩት። የጽሑፍ ርዕስ። ያ ስለ ጎ ቱ እየጻፍኩ ነው ያልኳችሁ ጽሑፍ አለቀ። ምሳሌዎቹ ተስተካክለዋል፣ ኮዱም ይሠራል። ርዕሱ ላይ ግን ቆሜያለሁ። የቆምኩት ርዕስ አጥቼ አይደለም። ርዕስማ አለኝ። «ጎጂው ጎ ቱ» ይላል። በሉት እስኪ ጮክ ብላችሁ። ጎጂው ጎ ቱ። አፍ ላይ አይጥምም? ጎ ብሎ ይጀምርና እንደገና ጎ። እኔ ስወደው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ መሰለኝ።

ኮድ ለማትጽፉት፣ ጎ ቱ ማለት ፕሮግራሙ የያዘውን መስመር ትቶ ወደ ሌላ መስመር እንዲዘል የምታዙበት ትእዛዝ ነው። አንዴ ሁለቴ ከሆነ ምንም አይደል። ሲበዛ ግን ኮዱን የሚያነበው ሰው ከየት እንደመጣና የት እንዳለ ይጠፋበታል። ጽሑፌ ይሄንኑ ነው የሚያስረዳው። ለጀማሪ ልጆች ነው።

ርዕሱን ደግሞ ከመሬት ተነስቼ አላወጣሁትም። ኤድስገር ዳይክስትራ የሚባል የሆላንድ ሰው በፈረንጆቹ ማርች 1968 ኤሲኤም በሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላይ አጭር ደብዳቤ አወጣ። ርዕሱ በእኛ «የጎ ቱ ትእዛዝ ጎጂ ሆኖ ተገኘ» እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ አባባሉ የሙያው ፋሽን ሆነ። ይሄም ጎጂ፣ ያም ጎጂ። ከ19 ዓመት በኋላ ፍራንክ ሩቢን የሚባል ሰው በዚያው መጽሔት ላይ «ጎ ቱ ጎጂ ነው ማለት ጎጂ ነው» ብሎ መለሰ። ለእሱ ደግሞ ሌላ መልስ መጣ፣ «ጎጂ» ሦስት ጊዜ የተደረበበት ርዕስ ይዞ።

ቆይ፣ ዋናውን አልነገርኳችሁም። ያንን ርዕስ ያወጣው ዳይክስትራ አይደለም! እሱ ሲልከው ርዕሱ «በጎ ቱ ላይ የሚቀርብ ሙግት» ዓይነት ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ጽሑፉ ቶሎ እንዲወጣ ብሎ ደብዳቤ አደረገውና ርዕሱንም ቀየረው። አዘጋጁ ማን መሰላችሁ? ኒክላውስ ቪርት። በኋላ ፓስካል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያወጣው ሰው። ፓስካል ውስጥ ደግሞ ጎ ቱ አለ። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ጎጂ የሚለውን ርዕስ ያተመው ሰው ራሱ በሠራው ቋንቋ ውስጥ ጎ ቱን አቆይቶታል። እሱ ዘንድ ቃሉ ያን ያህል አልከበደም ነበር ማለት ነው? ወይስ ርዕስ ሌላ፣ ሥራ ሌላ?

እና እሁድ ጋሼ ቤት ነበርኩ። ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፣ ድሮ ኮድ እየተበሳ የሚጻፍበት ካርዳቸው ደረጃው ላይ የተበተነባቸው። ቶናው ላይ ደርሰናል። ስለ ጽሑፉ ሳወራላቸው ቆየሁና «ርዕሱን እስኪ አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት፣ ሁለቱንም ጎ ጠበቅ አድርጌ። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ማንን ጎዳሁ?» አሉኝ።

ወይም «ማንን ጎዳ?» ነው ያሉት።

ይሄን ነው እስካሁን ያልለየሁት። ጋሼ ሲናገሩ የቃሉን መጨረሻ ይውጡታል፣ ድሮም እንደዚህ ናቸው። እትዬ ደግሞ በዚያች ሰዓት ከሰሉን እያራገቡ ነበር። «ጎዳ» ካሉ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። ጎጂ ካልሽ ተጎጂውን አሳዪኝ ማለታቸው ነው። ልክ ናቸው፣ እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። «ጎዳሁ» ካሉ ግን ስለ ራሳቸው ነው። ስንት ዓመት የሠሩትን ሥራ ይዘው ነው የጠየቁኝ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት «ሁ» ናት። ሰምቻት ይሆን ወይስ እኔ ጨምሬባት? በጭንቅላቴ ደጋግሜ አጫውታታለሁ። አንዳንዴ ትሰማኛለች፣ አንዳንዴ የለችም።

እኔ የመለስኩት ለ«ጎዳሁ» ነው። «እርስዎን አይደለም ጋሼ፣ ትእዛዙን ነው» አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ «ትእዛዙን የጻፈው ማነው ታዲያ?» አሉ። ቁጣ የለውም። ፈገግ እንዳሉ ነው የተናገሩት። ግን እሱን ፈገግታም አሁን ሳስበው... አላውቅም።

ከዚያ ማስረዳት ጀመሩ። ጋሼ በ60ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የመንገድ ሥራ ስሌት ፎርትራን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ይጽፉ ነበር። ስንት አፈር ይቆረጣል፣ ስንት ይሞላል። ያኔ የነበረው ፎርትራን «እንዲህ ከሆነ ይሄን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን» የሚባልበት ወጉ አልነበረውም። እሱ የመጣው በፈረንጆቹ 77 በተባለው ፎርትራን ነው። ከዚያ በፊት «ካልሆነ» ለማለት መዝለል ግድ ነው። ካርዱ ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቦታዎች ለመስመሩ መለያ ቁጥር ነበሩ። ቁጥሩን ትሰጪዋለሽ፣ ከዚያ ወደዚያ ቁጥር ሂድ ትይዋለሽ። ጋሼ በጣታቸው ረከቦቱ ላይ አምስቱን ቦታ እየለኩ አሳዩኝ። «ሌላ ምን ይደረግ ነበር?» አሉ። ምንም አይደረግም ነበር። እውነታቸውን ነው። መንገዱ ላይ ዛሬም መኪና ይሄድበታል።

ከዚያ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። የሽንኩርት ዋጋ፣ የልጃቸው ቪዛ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

ቤት ስመለስ የዳይክስትራን ደብዳቤ እንደገና አወጣሁት። አጀማመሩ ስለ ትእዛዙ አይደለም እኮ! ስለ ሰው ነው። የፕሮግራመር ብቃት ኮዱ ውስጥ ጎ ቱ በበዛ ቁጥር ይቀንሳል የሚል ሐሳብ ነው መጀመሪያ ላይ የሚያነሳው። እና እኔ «ትእዛዙን እንጂ እርስዎን አይደለም» ስል... ጋሼ ያንን ደብዳቤ አንብበውት ይሆን? አልጠየቅኳቸውም።

አሁን «ጎጂ» ወደምትለዋ ቃል ልምጣ። በአማርኛ ብቻዋን አትመጣም። «ጎጂ» ስትሉ ጆሮ ቀጥሎ ምን ይጠብቃል? «ልማዳዊ ድርጊት»። ሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ግርዛት፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ መንቀል። ትምህርት ቤት በሚኒ ሚዲያ ሳይቀር ይነበብ ነበር። በእኛ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ውስጥም አለች፣ አንቀጽ 35፣ ሴቶች ከጎጂ ልማድ ተጽዕኖ የመላቀቅ መብት እንዳላቸው በሚለው ላይ። ቃሏ እዚያ ቦታዋ ነው። ልጅ የሚጎዳበት፣ ሴት የምትሞትበት ነገር ጎጂ ካልተባለ ምን ጎጂ ሊባል ነው? እኔ ግን ይቺኑ ቃል አንስቼ አንድ ሰውዬ ካርድ ላይ የበሱት ትእዛዝ ላይ ለጠፍኳት። ጋሼ የሰሙት ይሄን ቢሆንስ? መሃይም ነበርክ፣ እናስተምርህ የሚል ድምፅ ቢሰሙስ?

በእርግጥ ይሄን ያህል ላይሆን ይችላል። ምናልባት እኔ ነኝ ቃሏን እንደዚህ የምሰማት። ኮዱን የሚማሩት ልጆች ጭራሽ ላይሰሙት ይችላሉ። ለእነሱ «አደገኛ» ማለት እንኳን ዛሬ ሙገሳ ሆኗል። አደገኛ ልጅ፣ አደገኛ ኮድ፣ አሪፍ ነው ማለታቸው ነው። «አደገኛው ጎ ቱ» ብዬ ባወጣ ግማሾቹ ጎ ቱን ሊማሩ ይመጣሉ! «ኋላቀር» ብልስ? እሱ ይባስ። እሱን ቃል አልነካውም።

እና ሌላ የማልነካው አለ። ዳታቤዝ፣ የመረጃ ቋት ማለቴ ነው፣ በብዙ ቅጂ ሲባዛ አንዱ ያዛል፣ ሌላው ይከተላል። ፈረንጆቹ እሱን ለብዙ ዘመን «ጌታና ባሪያ» ሲሉት ኖረዋል። በእንግሊዝኛ ሳነበው ዓመታት አለፉ፣ ምንም ሳይሰማኝ። አንድ ቀን ስልጠና ላይ አንድ ልጅ ስላይዱ ላይ በአማርኛ ተርጉሞ ጻፈው። ርዕስ አድርጎ፣ በትልቁ። ክፍሉ ውስጥ ያ ቃል ሲወረወርበት ያደገ ልጅ እንደነበረ አውቃለሁ። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይረበሻል። ደግነቱ እነሱም እየተዉት ነው፣ የፓይተን ቋንቋ በፈረንጆቹ 2018፣ ሰው ኮዱን የሚያስቀምጥበት ጊትሃብም በፈረንጆቹ 2020 አዲስ የኮድ ማከማቻ ላይ «ማስተር»፣ ጌታ የሚለውን «ሜይን»፣ ዋና አድርጎታል። ይሄ ላይ እኔ ክርክር የለኝም። ኮዱ ያው ኮድ ነው፣ ሰውዬው ግን እዚያ ተቀምጧል።

ወይ ጉድ፣ ራቅኩ። ዶሮው ደግሞ ጀመረ።

ግን ተቃራኒውንም አስቡት። ሪቻርድ ቤልማን የሚባል የሒሳብ ሰው ነበር። ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ የሚባለውን፣ ትልቁን ችግር ወደ ትንንሾች ከፍሎ የሚፈታውን ዘዴ ያወጣው እሱ ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ፈተና ላይ ያስለቀሳችሁ። ስሙን ለምን እንደዚያ እንዳለው ራሱ ጽፏል። ያኔ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሰውዬ «ምርምር» የሚል ቃል ሲሰማ ደሙ ይፈላ ነበር ይላል። «ሒሳብ» የሚለውንማ ጭራሽ። እና ቤልማን ሥራውን የሚሸፍንበት ስም ፈለገ። «ዳይናሚክ» የመረጠው በምንም መንገድ ለመጥፎ ነገር ሊውል የማይችል ቃል ነው ብሎ ነው። ሆነለት። ግን ዛሬ ስንት ተማሪ ነው ስሙን ይዞ ዘዴውን ለመረዳት የሚሰቃየው? ስሙ ስለ ዘዴው ምንም አይነግረውም። ሐኪም ቤት የምትነሱት ኤም አር አይ እንኳን ከፊቱ «ኑክሌር» የሚል ነበረበት። በሽተኛ ይደነግጣል ተብሎ ወጣ። ያ ጥሩ ነው፣ የሚያስደነግጥ ጨረር የለውማ። እና ማለሳለስ አንዳንዴ እውነቱን ያቀርባል፣ አንዳንዴ ይሸፍናል። እኔ ጎ ቱን አለሳልሼ ብጽፈው የትኛው ይሆናል?

ዶናልድ ክኑዝ የሚባል የኮምፒውተር ሊቅ በፈረንጆቹ 1974 ስለዚሁ ስለ ጎ ቱ ጉዳይ ረጅም ጽሑፍ ጽፏል። ርዕሱ በአጭሩ «ሥርዓት ያለው ፕሮግራም፣ ከነጎ ቱው» እንደማለት ነው። «ከነ»። ጎ ቱ የሚጠቅምበትን ቦታ አንድ በአንድ ያሳያል። ዛሬ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ኮድ ውስጥ ብትገቡ ስህተት ሲፈጠር የያዙትን ሁሉ ለቆ ለመውጣት ጎ ቱ ይጠቀማሉ፣ የአጻጻፍ መመሪያቸውም ይፈቅደዋል። የክኑዝ ርዕስ ማንንም አያስቀይምም። ግን ፕሮግራመር ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ርዕስ የትኛው ነው? ያ ጎጂው ነው።

ሌሊት ያሰብኩት ይሄን ነው። የዳይክስትራ የራሱ ርዕስ «ሙግት» ነበር። ሙግት ደግሞ እኛ አገር ምን እንደሆነ እናውቃለን። በላ ልበልሃ። አንዱ ይላል፣ ሌላው ተነስቶ ይመልሳል፣ ዳኛም አለ። ጋሼ «ጎ ቱ ይሟገት» የሚል ርዕስ ባነብላቸው ኖሮ አረፍ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው መልስ ይሰጡኝ ነበር። ሰጥተውኛልም እኮ! ስለ ካርዱ፣ ስለ አምስቱ ቦታ። «ጎጂ» ግን ፍርድ ነው። ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ነው የተናገሩት። «ሆኖ ተገኘ» ስትሉት ደግሞ ይብሳል፣ የኦዲት ሪፖርት ይመስላል። ማን አገኘው? አይታወቅም።

እና «ጎ ቱ ይሟገት» ላድርገው? ጽፌ አየሁት። ለአንዲት ልጅ ላኩላት፣ ኮድ የምትማር ናት። «ስለ ፍርድ ቤት ነው?» አለችኝ። «ጎ ቱ ቢቀርስ?» የሚለውንም ላኩ። «ደስ ይላል» አለች። ደስ ይላል ብላ ግን አልከፈተችውም። ያኛውን፣ ጎጂውን ስልክላት ወዲያው ከፍታ አንብባ ጥያቄ ይዛ ነው የመጣችው። ጥሩ ጥያቄ ነው ደግሞ።

ይሄ ነው የሚያናድደኝ። እኔ ራሴ የዳይክስትራን ደብዳቤ መጀመሪያ ያነበብኩት ለምን ነበር? ርዕሱ ጠርቶኝ ነው። ቪርት ባይቀይረው ኖሮ፣ «ሙግት» ሆኖ ቢቀር፣ ከስንትና ስንት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ልጅ ትከፍተው ነበር? አይመስለኝም። አልከፍተውም ነበር። እና እንደዚያ ከሆነ ጋሼን ምን ልበላቸው፣ ልጆቹ እንዲያነቡልኝ እርስዎ ትንሽ ይከፋዎት ልበል? ያ ደግሞ አይባልም። ደውዬ «ጎዳ ነው ያሉት ወይስ ጎዳሁ» ብዬ ልጠይቅ አስቤ ነበር፣ ግን ከጠየቅኳቸው «ጎዳ ነው» ነው የሚሉኝ፣ አውቃቸዋለሁ፣ ቢከፋቸውም እንደዚያ ነው የሚሉኝ፣ ስለዚህ መልሱ ምንም...

እስኪ ቆይ፣ ስልክ ነው። እትዬ ናቸው።