እምቢ ብሎም ቡና መጠራት፤ የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከጅማ

ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ቀርቤ ስለ ግል ነፃነት የአድማጮችን ስልክ ተቀብዬ ነበር። ጅማ ውስጥ ለብዙ ዓመት በጥብቅና ስለሠራሁ ስለ እስርና ስለ ፍተሻ ይጠይቁኛል ብዬ ነው የሄድኩት። የተደወለው ግን ስለ ትዳር፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ልጅ ነው። በሰዓት እጥረት በችኮላ የመለስኳቸውን እዚህ ትንሽ አስፍቼ ጽፌያቸዋለሁ።

ከቆጪ የደወለች ወጣት፦ «በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ቤተሰቦቼ ባል አግኝተውልኛል። ሰውየው መጥፎ አይደለም፣ ልቤ ግን አልወደደውም። ማንም አላስገደደኝም። እምቢ ብል ግን ‹ለዚህ ነው ያስተማርንሽ?› ይሉኛል። እኔ ነፃ ነኝ ይባላል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከልቤ ሳይወጣ ነው የሰነበተው። የሕጉ ነገር ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻ የሚመሠረተው በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነው ይላል። ኦሮሚያ በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግም ከዚህ አይለይም። የወላጅ እሺታ የአንቺን እሺታ አይተካም።

የአንቺ ጭንቀት ግን ከሕጉ ላይ አይደለም። «ማንም አላስገደደኝም» ብለሽ ወዲያው «እምቢ ብል ግን» አልሽ። ድምፅሽ የተሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሁላችንም «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም ልጆቼን እንዲሁ አሳድጌያለሁ። ነገር ግን እሺ ከሺህ የሚበልጠው እምቢ ማለትም ሲቻል ነው። እምቢ በማይባልበት ቤት እሺ ያለው ሰው ፈቅዶ ይሁን ፈርቶ በምን ይታወቃል? እኔ የአንድን ሰው ነፃነት የምለካው በዚህ ነው፤ እምቢ ብሎ በማግሥቱ ቡና ይጠራል ወይ?

ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ መልስ ከመሰጠቱ በፊት የሚሰማሽን አንድ ሰው ፈልጊ። አክስት ትሁን፣ ታላቅ ወንድም፣ የእናትሽ የቡና ጓደኛ። ለሰውየው እንከን አትፈልጊለት። እንከን ካወጣሽ «እሱማ ይስተካከላል» ይሉሻል። «ክብር ይስጠው፣ እኔ ግን አልፈቀድኩም» በይ፣ ሌላ ምክንያት አትጨምሪ። ያስተማሩሽን ውለታ ደግሞ ከጋብቻው ለይተሽ አውሪው። ውለታቸውን ሥራ ስትይዢ በደሞዝሽ፣ ሲደክሙም በመጦር ትመልሻለሽ። በትዳር የሚከፈል ዕዳ የለም፣ እህቴ።

ከመንደራ የደወለ የባጃጅ ሹፌር፦ «ሚስቴን ከልክያት አላውቅም። ሥራም ትሂድ፣ ዘመድም ትጠይቅ። ግን አስፈቅዳኝ ትሂድ። ይሄ ነፃነት መንፈግ ነው?»

ወንድሜ፣ አንተ አምሽተህ ስትሠራ ታስፈቅዳታለህ ወይስ ትነግራታለህ ብዬ ስጠይቅህ «እነግራታለሁ» አልከኝ። መልሱ እዚያው ውስጥ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ትታዘዘዋለች ይል ነበር። ብዙዎቹ አባቶቻችን በዚያ ዘመን ነው የተጋቡት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እኩል መብት አላቸው አለ። የቤተሰብ ሕጎቹም ተከትለው ተቀየሩ። ቤታችን ውስጥ ግን አሁንም የሚሠራው የድሮው አንቀጽ ነው።

እኔም በትዳሬ መጀመሪያ እንዳንተ ነበርኩ። ሞባይል ያልነበረበት ጊዜ ነው። እህቷ ታማባት ባለቤቴ ልትሄድ ተነሳች። እኔ ችሎት ላይ ነበርኩና ሳታስፈቅደኝ መውጣት ከበዳት። ማታ ስገባ ነጠላዋን እንደለበሰች ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ያ ዝምታ ዛሬም ያመኛል።

መነጋገር ጥሩ ነው። ልጆቹን ማን ከትምህርት ቤት ያምጣ፣ ቁልፉ የት ይቀመጥ፣ ይህ ሁሉ ካልተነጋገሩ አይሆንም። ግን ሁለታችሁም ተነጋገሩ እንጂ አንዳችሁ ብቻ አስፈቃጅ አትሁኑ። ዛሬ ማታ አንተ ጀምር።

አንዲት አራስ፦ «ልትጠይቀኝ የመጣች ጎረቤቴ ከነልጄ አልጋ ላይ ፎቶ አንስታኝ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ዝም ልበል?»

ዝም አትበይ። በዚያው በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ አይታይም። ፌስቡክ ሳይኖር የተጻፈ ቢሆንም ለአንቺ በደንብ ይሠራል። ግን መጀመሪያ ደውለሽ «እባክሽ አንሺልኝ» በያት። አብዛኛው ሰው በክፋት አይደለም የሚለጥፈው።

ከጅረን የደወሉ አባት፦ «የዛሬ ልጅ ታላቁን አይሰማ፣ ጎረቤቱን አያከብር። ይሄ ነፃነት ነው ልቅነት? ደግሞስ ይሄ ነፃነት የሚሉት ከውጭ የመጣ አይደለም?»

አባባ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሙዚቃ አስጩኾ ሰፈሩን የሚያስነሳ ልጅ የጎረቤቱን እንቅልፍ ነው የወሰደው። ጎረቤቱ እምቢ የሚልበት ዕድል አልሰጠውም። ልቅነት የምለው እሱን ነው።

ከውጭ መጣ በሚለው ግን አልስማማም። ከእርስዎ ሰፈር ቁልቁል ያለው የሂርማታ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው እንደ ዕቃ የሚሸጥበት ነበር። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ነው። ያኔ የተወለዱ ሰዎች ዛሬም አብረውን አሉ። «አርነት ወጣ» የሚለው አነጋገር የራሳችን ነው። ከተሸጡት መካከል በልቶ ለብሶ የሚያድር አይጠፋም ነበር። ያጣው እምቢ የማለትን ሥልጣን ነው። ይህንን እኛ ጅማዎች ከማንም መማር አያስፈልገንም።

የልጅ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ እንጨት ሥራ ልግባ አለ ብለውም ነበር። ሥራን መምረጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መብቱ ነው። የጅማ በርጩማ አገር ያወቀው ሙያ ነው። ምን ያህል እንዳሰበበት ይጠይቁት፤ መጠየቅ መከልከል አይደለም። ታላቁን የሚሰማው ልጅ ታላቁ የሰማው ልጅ ነው።

ከሰቶ ሰመሮ የደወሉ እናት፦ «ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ‹ቤቱን ሸጠሽ ነይ› ይሉኛል። እኔ ቤቴን አልለቅም። እነሱን ማስቀየምም ፈራሁ።»

እማማ፣ የሚኖሩበትን መምረጥ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ያወቀልዎ መብት ነው። አንድ የሕግ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ቤቱ በትዳር ያፈሩት ከሆነ ግማሹ የእርስዎ ነው፤ ባለቤትዎ ሳይናዘዙ ከሞቱ የእሳቸው ድርሻ ለልጆቹ ይወርዳል። ስለዚህ እርስዎ በሕይወት እስካሉ በቤቱ እንደሚኖሩ ከልጆችዎ ጋር ተስማምታችሁ በጽሑፍ አድርጉት።

ለልጆችዎ ግን አንቀጽ አይጥቀሱላቸው። እነሱ የሚፈሩት ሌሊቱን ነው፣ ቢያማት ማን ይደርስላታል ብለው። ለዚያ ፍርሃት መልስ ያዘጋጁ። አንድ ቁልፍ ለሚያምኗት ጎረቤት ይስጡ። የጓሮውን ክፍል ለአንዲት ሠራተኛ ያከራዩ። ለበዓል ሲመጡ ቡናውን እዚያው ግቢው ውስጥ ያፍሉላቸው። አቦሉ ላይ ናፍቆት ይውጣላችሁ። ቶናው ላይ «ልጆቼ፣ እኔ ከዚህ አልሄድም» ይበሏቸው። ከዚያ በረካውን ይቅዱላቸው።